ክሩገር ወይስ የግል ሎጅ? ሁለቱንም ያየ ቤተሰብ ሒሳብ

ጆሃንስበርግ የሚኖር ሐበሻ ዘመድ በመጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርለትም። «እንስሳ የሚታየው የት ነው?» ይባላል። መልሱ ኪስ ይነካል። አንደኛው መንገድ የመንግሥት ፓርክ የሆነው ክሩገር ገብቶ በራስ መኪና መዞር ነው። ሌላው እዚያው ጎን ሳቢ ሳንድ ከሚባለው የግል ጥብቅ ቦታ ሎጅ ይዞ፣ በሎጁ ክፍት መኪና መጎብኘት ነው። በነሐሴ እናቴ ከአዲስ አበባ፣ ወንድሜ ደግሞ ባለቤቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ከዋሽንግተን ሲመጡልኝ ሁለቱንም አየን። መጀመሪያ ክሩገር፣ ከዚያ የግሉ።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ከቤተሰብ ጋር ለሚሄድ ሰው ክሩገር ይበቃዋል። የግሉን የምመክረው ነብር ለማየት ለሚመኝ፣ ጊዜ ለሌለው፣ ወይም ጫካ እንዴት እንደሚነበብ ከሚያውቅ ሰው መማር ለሚፈልግ ነው። ሁለቱንም የምትችሉ ከሆነ ደግሞ የግሉን መጨረሻ ላይ አድርጉት።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይጥራ። ብዙ ሰው የግል ከሆነ እንስሳው ይበዛል ብሎ ያስባል። በክሩገርና በሳቢ ሳንድ መካከል የነበረው አጥር እ.ኤ.አ. በ1993 ተነስቷል። ጠዋት ክሩገር ውስጥ ያያችሁት ዝሆን ማታ የሎጁ በረንዳ ፊት ለፊት ሊቆም ይችላል። ክሩገር ወደ 20,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ምድር ነው። ሳቢ ሳንድ 65,000 ሄክታር ገደማ ሆኖ ከጎኑ ተለጥፏል። እንስሳው አንድ ነው። ገንዘቡ የሚለያየው እንስሳው በሚታይበት መንገድ ላይ ነው፤ ማን ይነዳል፣ ምን ያህል ትጠጋላችሁ፣ አጠገባችሁ ስንት መኪና ይቆማል።

ከጆሃንስበርግ በኤን 4 መንገድ ኔልስፕሩይት፣ ከዚያ የክሩገር መግቢያ ወደ ሆነው ፋቤኒ በር ለመድረስ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መንገዱ ጥሩ ነው፤ የክፍያ ጣቢያው ግን ይበዛል። በሩ ላይ ፎርም ሞልታችሁ፣ ፓስፖርት አሳይታችሁ የቀን ክፍያ ትከፍላላችሁ። የውጭ አገር አዋቂ በቀን ከ500 ራንድ በላይ ነው። የደቡብ አፍሪካ ዜጋና ነዋሪ የዚያን ሩብ ያህል ይከፍላል። የሳዴክ፣ ማለትም የደቡባዊ አፍሪካ የልማት ማኅበረሰብ፣ አባል አገሮች ዜጎች ግማሽ ገደማ ነው የሚከፍሉት። ኢትዮጵያ ሳዴክ ውስጥ ስለሌለች፣ ከአገር ቤት ለመጣ እንግዳ ሙሉውን አስቡ። ክፍያው በየቀኑ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም፤ በጀት ስትይዙ እሱን አትርሱ።

ከዚያ በኋላ ካርታችሁን ይዛችሁ መግባት ነው። እናቴ ይህን ማመን አቃታት። እኛ አገር ሰሜን ተራሮች የሚወጣ ሰው መሣሪያ የያዘ ስካውት ይመደብለታል።

«ዘበኛ የለም እንዴ ልጄ?» አለችኝ።

«የለም እማ። ከመኪና አለመውረድ ብቻ ነው።»

እውነትም ዋናው ሕግ እሱ ነው። መውረድ የሚቻለው በተፈቀዱ ቦታዎች ብቻ ነው። ፍጥነት አስፋልት ላይ ከ50፣ ጠጠር መንገድ ላይ ከ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት አያልፍም። በነሐሴ በሩ ጠዋት 12 ሰዓት ተከፍቶ ማታ 12 ሰዓት ይዘጋል። ያረፈደ ይቀጣል። ለማየት ከሆነ ግን 50ም ፈጣን ነው። ወደ 25 ወረድ ስንል ነው ጫካው ውስጥ ያለው ነገር መታየት የጀመረው። ድንጋይ ያልነው ጎሽ ሆኖ ተገኘ። ቅርንጫፍ የመሰለን የአጋዘን ቀንድ ነበር።

ከስኩኩዛ ካምፕ ወደ ሎወር ሳቢ ካምፕ የሚወስደው መንገድ ኤች 4-1 ይባላል። የሳቢን ወንዝ ተከትሎ ይሄዳል። ነሐሴ እዚህ በጋ ስለሆነ ሣሩ ደርቋል፣ ቁጥቋጦው ቅጠሉን አራግፏል፣ ውሃ ፈላጊው ሁሉ ወደ ወንዙ ይወርዳል። አንድ ቦታ ላይ የዝሆን መንጋ ሲጠጣ ደረስን። ትልልቆቹ በኩምቢያቸው እየሳቡ ወደ አፋቸው ያፈሱታል። አንድ ግልገል ግን ኩምቢውን ገና መጠቀም አልቻለበትም። የፊት እግሮቹን አጥፎ ተንበረከከና በአፉ ጠጣ። ሞተር አጥፍተን፣ መስኮት ከፍተን፣ እስኪጠግቡ ድረስ አየናቸው። የሚያጣድፈን ሰው አልነበረም። ክሩገርን የምወድለት ትልቁ ነገር ይህ ነው። ሰዓቱ የእናንተ ነው።

የዚያው መንገድ ችግሩም ይነገር። ትንሽ ወረድ ብለን አንበሳ የተኛበት ስንደርስ መኪናው ግራና ቀኝ ተጠቅጥቋል። ከፊታችን አንድ ረጅም የአስጎብኚ መኪና ቆሞ ሙሉ በሙሉ ጋርዶናል። አንዱ ሞተሩን አያጠፋም። ሌላው በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል። እኛ ያየነው የጅራት ጫፍ ነው። ደቡባዊው ክሩገር በእረፍት ወቅት እንዲህ ነው፤ በተለይ አስፋልቱ ላይ። መድኃኒቱ በር ሲከፈት መውጣትና ጠጠር መንገዶቹን መምረጥ ነው። እኛም በማግስቱ እንደዚያ አደረግን። የወንድሜ ትልቁ ልጅ ከኋላ ወንበር ሆኖ «አክስቴ ቁሚ፣ ቁሚ!» አለኝ። አቦሸማኔ ነበረች። የምስጥ ኩይሳ ላይ ተቀምጣ ሜዳውን ትቃኛለች። ከእኛ በቀር አንድም መኪና የለም። ልጁ በራሱ ዓይን ፈልጎ ያገኛት ስለሆነች፣ እስካሁን ስልክ በደወልኩ ቁጥር የሚያነሳት እሷን ነው።

በየካምፑ እንግዳ መቀበያ አጠገብ ካርታ የተሳለበት ሰሌዳ ይቆማል። አንበሳ ወይም ነብር ያየ ሰው ባየበት ቦታ ላይ ባለቀለም ማግኔት ይለጥፋል። ልጆቹ ማታ ማታ እዚያ ተተክለው የነገን መንገድ ያወጣሉ። የአውራሪስን ቦታ ግን በማኅበራዊ ሚዲያ አትለጥፉ። አዳኞች ለቀንዱ ብለው ብዙ ስለጨረሱት፣ ጎብኚ ቦታውን እንዳይናገር አጥብቀው ይለምናሉ። ተገቢ ልመና ነው።

የፓርኩ ጎጆ ቅንጦት የለውም። ንጹሕ አልጋ፣ መታጠቢያ፣ አነስተኛ ማብሰያ፣ ደጅ ላይ ብራይ የሚሉት የከሰል መጥበሻ። ለሁለት ሰው በአንድ ሌሊት ብዙ ጊዜ ከ2,000 ራንድ ብዙም አይርቅም። ማብሰያ መኖሩ ለእኛ ወሳኝ ነበር። ፍልሰታ ስለነበር እናቴ እስከ 9 ሰዓት አትቀምስም። ጆሃንስበርግ ጄፒ ጎዳና ካሉት የሐበሻ ሱቆች እንጀራ፣ ሽሮና ድርቆሽ ሸምተን ሄድን። ከሰዓት ተመልሰን ሽሯችንን እንሠራለን፣ ጀበናውን ፍሙ ላይ እንጥዳለን፣ ከዚያ እንደገና እንወጣለን። ፍሪጁ ብዙ ጊዜ በረንዳ ላይ ስለሆነ በደንብ ዝጉት። ዝንጀሮና ጦጣ እንዴት እንደሚከፈት ያውቃሉ። አንዷ ጦጣ የእንጀራ ጥቅል መንትፋ ጣሪያ ላይ ወጥታ በላችው።

ከሎወር ሳቢ ካምፕ ወጣ እንዳላችሁ ሰንሴት ዳም የሚባል ኩሬ አለ። መኪናችሁን ውሃው ዳር አቁማችሁ መቀመጥ ብቻ ነው። ጉማሬ ብቅ ብሎ ይተነፍሳል። አዞ አፉን ከፍቶ ፀሐይ ይሞቃል። ሽመላው በአንድ እግሩ ይቆማል። ጎሽ መጥቶ ጠጥቶ ይሄዳል። እናቴ ከጉዞው ሁሉ የወደደችው ይህን ነው። ነዳጅ አይፈጅም፣ ወገብ አያናውጥም። ትልልቅ ሰዎች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ከ10 ሰዓት በኋላ እዚያ አሳልፉ።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምር። በራስ መኪና በሌሊት መንዳት ክልክል ነው። ካምፖቹ ራሳቸው ግን በትልቅ ክፍት መኪና የምሽትና የንጋት ጉዞ ያዘጋጃሉ። በሰው ጥቂት መቶ ራንድ ነው። የንጋቱ ጉዞ ለሌላው በር ሳይከፈት ነው የሚወጣው። በምሽቱ ጉዞ በመብራት ጥርኝ አየን። እናቴ ዝባድን በሽታው ታውቀዋለች፤ ባለቤቱን በሕይወት ስታየው ግን የመጀመሪያዋ ነው። «ይቺ ናት እንዴ?» እያለች አንገቷን አሰገገች። መሣሪያ ከያዙ ሁለት ጠባቂዎች ጋር በእግር የሚደረግ የጠዋት ጉዞም አለ። ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይፈቀድም። የግል ሎጅ ብቻ የሚሰጠው ይመስላችሁ የነበረው ነገር ግማሹ በመንግሥቱ ፓርክ በርካሽ አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ ግሉ እንምጣ።

ሳቢ ሳንድ ውስጥ በአንድ ሰው በአንድ ሌሊት 10,000 ራንድ የሚጠይቅ ሎጅ ብርቅ አይደለም። ስም ያላቸው 40,000ን ያልፋሉ። ምግብና በቀን ሁለት ጉዞ ከዋጋው ውስጥ ነው። የመግቢያ በር ክፍያ ለብቻው ነው። ለአስጎብኚውና ለዱካ አንባቢው ጉርሻ መስጠትም የተለመደ ነው። ለደቡብ አፍሪካ ነዋሪ በብርዱ ወራት፣ ማለትም ከግንቦት እስከ ነሐሴ፣ ደህና ቅናሽ የሚያደርጉ ሎጆች አሉ። ሳትጠይቁ አትያዙ። እኛም ያለ ቅናሹ አንሞክረውም ነበር።

ጎህ ሲቀድ ትነሳላችሁ። መኪናው ጎንም ጣሪያም የለውም። የነሐሴ ንጋት ብርዱ አጥንት ይገባል። ብርድ ልብስና የሙቅ ውሃ ላስቲክ ይሰጣሉ። እናቴ ግን ጋቢዋን ደርባ ከሁላችን የተሻለ ሞቃት። ጋቢ ያዙ፤ ከምንም በላይ ይጠቅማል። አስጎብኚው ራሱ ይነዳል። ኮፈኑ ጫፍ ላይ በተገጠመች ወንበር ደግሞ ዱካ አንባቢው ይቀመጣል። የእኛ ዱካ አንባቢ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ሻንጋን ከሚባለው የአካባቢው ሕዝብ የሆኑ ሰው ነበሩ። ከዋጋው ውስጥ እውነተኛው ዋጋ የእሳቸው ዓይን ነው እላለሁ።

እጃቸውን ብድግ አደረጉ። መኪናው ቆመ። ወርደው መሬቱን አዩና በቀጭን እንጨት አንድ ቦታ ከበቡ። እኛ አቧራ ብቻ ነው የሚታየን። ቀስ እያልን ስናይ አራት ጣትና አንድ መዳፍ ወጣ። የጥፍር ምልክት የለውም። ነብር ሲራመድ ጥፍሩን ይሰበስባል፤ ጅብ ቢሆን ኖሮ የጥፍሩ ጫፍ አፈሩ ላይ ይወጣ ነበር። ዱካው ደግሞ የትናንት ማታ የጎማ መስመር ላይ ተደርቦ ነው ያረፈው። እንግዲህ ያለፈችው ከእኛ በኋላ ነው። ከዚያ ዝም ብለው አዳመጡ። ራቅ ብሎ ኢምፓላ የሚባሉት አጋዘን መሰል እንስሳት በአፍንጫቸው እያናፉ ይጮኻሉ። ሁሉም ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረዋል። መኪናው መንገዱን ለቆ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። ክሩገር ውስጥ ይህ ለጎብኚ አይፈቀድም። ብዙም ሳንሄድ ማሩላ ዛፍ ላይ ሴት ነብር አገኘን። ያደነችውን ኢምፓላ ቅርንጫፍ ላይ ሰቅላ፣ እግሯን አንጠልጥላ ተኝታለች። አሥር እርምጃ ቢሆን ነው ከእኛ። ሆዷ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ከፍ ዝቅ ሲል ይታያል። ክሩገር ውስጥ ነብር ስፈልግ ብዙ ነድቼ አውቃለሁ። እንዲህ ቅርብ፣ እንዲህ ረጋ ብላ አይቼ አላውቅም። ሳቢ ሳንድ በነብር ስሙ የወጣው ያለ ምክንያት አይደለም።

ግን ሁሉም ነገር እንደ ነብሯ አይደለም። አንድ እንስሳ ዘንድ የሚቆሙት መኪኖች ቁጥር ተወስኗል፤ ብዙ ጊዜ ሦስት ናቸው። ሌሎቹ በሬዲዮ ተራ ይጠብቃሉ። ሕጉን እደግፈዋለሁ፤ እንስሳውን ከመጨናነቅ ያድነዋል። ሆኖም ነብሯ ልትወርድ ብድግ ስትል የእኛ ተራ አልቆ ወጣን። ለዚያ ሁሉ ገንዘብ ይህ ይቆጫል። ሬዲዮውም ጉዞውን ሙሉ አያርፍም። የት ምን እንዳለ ከሌላ መኪና ሰምቶ መሄድ ይበዛል። እናንተ ተሳፋሪ ናችሁ። የሚያገኙላችሁ ሰዎች ጎበዞች ስለሆኑ ታያላችሁ፤ ፈልጎ ማግኘት የሚሰጠው ደስታ ግን የለም።

ልጅ ያላችሁም አስቡበት። ብዙ ሎጆች ከ6 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ክፍት መኪናው ላይ አያሳፍሩም። የወንድሜ ትንሿ ልጅ 5 ዓመቷ ስለሆነ እሷና እናቷ ሎጁ ቀሩ። ለእነሱም ሙሉ ዋጋ ነው የተከፈለው። ለብቻ መኪና ከተከራያችሁ የሚፈቅዱ አሉ፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው። ክሩገር ውስጥ ያቺው ልጅ ጭኔ ላይ ሆና ዝሆን ስትቆጥር ነበር።

ምግቡ ግሩም ነው። ጾም ከሆናችሁ ቀድማችሁ ጻፉ። «ቪጋን» በሉ፣ ዓሣም እንደማትበሉ ጨምሩ፣ ቅቤ አትክልት ላይ እንዳይነካ ለይታችሁ ተናገሩ። እኛ ጽፈን ስለነበር ምስርና አትክልት በዘይት ተሠራልን። የሰዓቱ ነገር ግን አልገጠመም። የከሰዓቱ ጉዞ የሚነሳው 9 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ጾመኛው ገና እጁን ሲታጠብ። እናቴ አንዱን ጉዞ ትታ ቀረች፣ በሌላው ምግቧን በዕቃ ይዛ ወጣች።

ከሎጁ ጊዜያችን እናቴ የምታነሳው ነብሯን አይደለም። ጠዋት ለሻይ የምንወርድበት ሜዳ ላይ ነጭ፣ የደረቀ ኩስ አየች። «የጅብ ነው፤ አጥንት ስለሚበላ ነው የሚነጣው» አለች። ያደገችው ገጠር ነው። አስጎብኚው ይህንኑ ለዱካ አንባቢው ሲነግራቸው ሳቁና በሁለት እጃቸው ጨበጧት። ከዚያ በኋላ ባገኙት ዱካ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሷን ሆነ። ወንድሜ እየተረጎመ፣ ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች የጅብና የቀበሮ፣ የከርከሮና የጃርት ዱካ ሲያወሩ አረፈዱ። ይህንን ክሩገር ውስጥ በራሳችን መኪና ሆነን አናገኘውም ነበር። ለእሱ የከፈልኩት አይቆጨኝም።

የግሉን መጨረሻ አድርጉት ያልኩት ለዚህ ነው። ልጆቹ አስቀድመው ክሩገር ውስጥ ቀስ ብሎ መንዳት፣ ማዳመጥ፣ ባዶ የመሰለ ሜዳ ላይ መታገስ ለምደዋል። ሎጁ ዘንድ ሲደርሱ ዱካ አንባቢው የሚያደርጉት ነገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ገባቸው። ተገልብጦ ቢሆን ኖሮ፣ ነብርን አሥር እርምጃ ላይ ያየ ልጅ ኤች 4-1 ላይ ሁለት ሰዓት ሜዳ እያየ አይቀመጥም። እንሂድ እያለ ሲለምን ነበር የሚውለው።

የገንዘቡ መድረሻም ያሳስበኛል። ክሩገር እ.ኤ.አ. በ1926 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በማግስቱ ዓመት ለጎብኚ ሲከፈት የገቡት 3 መኪኖች ብቻ ነበሩ። ዛሬ ከሚያገኘው ገቢ ራሳቸውን የማይችሉ ሌሎች ብሔራዊ ፓርኮችም ይደገፋሉ። በሩ ላይ የከፈልነው ገንዘብ ሎጅ የሌለበት በረሃ ውስጥ ያለ ጠባቂም ዘንድ ይደርሳል ማለት ነው። የግሎቹም ለአካባቢው ሰው ሥራ ይሰጣሉ፣ ለአውራሪስ ጥበቃ ብዙ ያወጣሉ። ይህን አልክድም። ደግሞ «መንግሥት» እና «የግል» ብቻ ብሎ መክፈልም ሙሉ ሥዕሉን አይሰጥም። በክሩገር ሰሜን ጫፍ፣ ፓፉሪ አካባቢ፣ የማኩሌኬ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1969 ከመሬቱ ተነቅሎ ነበር። በ1998 በሕግ መሬቱን አስመለሰ። እርሻ ሊያደርገው ሲችል ለዱር እንስሳ እንዲቀር ወሰነ። እዚያ ያሉ ሎጆች ለማኅበረሰቡ ይከፍላሉ። ሰሜኑ ድረስ የመሄድ አቅም ያለው ሰው ይህንን ሦስተኛ አማራጭ ቢያስብበት ደስ ይለኛል።

ለመሄድ ለወሰነ፦ የክሩገር ካምፕ እስከ 11 ወር ቀድሞ መያዝ ይቻላል። በደቡብ አፍሪካ የትምህርት ቤት እረፍት፣ በተለይ በሐምሌና በታኅሣሥ፣ ቶሎ ይሞላል። አካባቢው ወባ አለበት። በዝናቡ ወቅት ይብሳል፤ ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር ካለች ሐኪም ሳታማክሩ አትሂዱ። ለእያንዳንዱ ሰው አቅርቦ ማሳያ መነጽር ያዙ፤ በአንድ መነጽር አምስት ሰው መሻማት ቤተሰብ ያጣላል። ለሚቀጥለው ነሐሴ እኔ ክሩገር መካከል ያለውን ሳታራ ካምፕን ይዣለሁ። እዚያ ሜዳው ሰፊ ነው፣ አንበሳ ይበዛዋል፣ መኪናውም ከደቡቡ ይቀላል። የግሉን በዚህ ዙር አልጨመርኩትም። ለሱ ይወጣ የነበረው ገንዘብ የእናቴን የአውሮፕላን ትኬት ሸፍኖ ይተርፋል።